ፎርማት ከማድረጋችሁ በፊት፦ ጠፋ ስለተባለው የቅንብር ፋይል

በትምህርት ቤቶች የኮምፒውተር ክፍል ለሚሠሩ ባለሙያዎች የተደረገ ንግግር፤ ከጥቂት ማስተካከያ በቀር እንደተነገረ የቀረበ

ጤና ይስጥልኝ!

የተከበራችሁ መምህራን፣ የኮምፒውተር ክፍል ባለሙያዎች፣ ከሩቅ የመጣችሁ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ እንደምን አረፈዳችሁ? ከኋላ ያላችሁ ድምፄ ይደርሳችኋል? መልካም። ፕሮጀክተሩ ትንሽ ፈዝዟል፤ ትእዛዞቹን በቃሌ ስለምደጋግማቸው ግን ዓይናችሁን አታድክሙ።

በጥያቄ ልጀምር። ኮምፒውተር አልታዘዝ ሲል መጀመሪያ አፋችሁ ላይ የሚመጣው ቃል «ፎርማት» የሆነባችሁ፣ እስቲ እጃችሁን አውጡ። ሳታፍሩ! ይኸው፣ ግማሹ አዳራሽ። የቀረው ግማሽ ያፈረው ነው።

ዴስክቶፑ ጠፋ? ፎርማት። ፊደሉ አነሰ? ፎርማት። ማውሱ ዘገየ? ፎርማት። ይህን ልማድ ከዊንዶውስ ይዘነው መጥተን ሊኑክስ ውስጥም አስገባነው። ከአንድ ገጽ የማይበልጥ ጽሑፍ የያዘች ፋይል ጎደለች ተብሎ፣ የተማሪዎች የዓመት ሥራ ያለበት ዲስክ ሙሉ በሙሉ ሲጠረግ በዓይኔ አይቻለሁ። ደሜ የሚፈላው ያኔ ነው። ለዚህ ነው ዛሬ ሌላ ትልልቅ ርእስ እያለ ስለዚህች ትንሽ ፋይል ልናገር የመጣሁት።

የምለው ነገር አንድ ነው። ጠፋ የተባለ የቅንብር ፋይል፣ ማለትም ፕሮግራም የመረጥንለትን ነገር የሚጽፍበት ፋይል፣ አብዛኛውን ጊዜ አልጠፋም። ወይ ሌላ ቦታ ተቀምጧል፣ ወይ ከመጀመሪያውም አልተጻፈም፣ ወይ ፕሮግራሙ እንዳያነበውና እንዳይጽፈው ተከልክሏል። በእውነት የጠፋው ከእነዚህ ሁሉ በኋላ የሚታሰብ ነው። እኛ ግን የምንጀምረው ከመጨረሻው ነው! ሰው ስልክ ደውሎ «ፋይሉ የለም» ሲለን «የት ፈልገህ አጣኸው?» ብለን እንኳ አንጠይቅም። ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ ይባል የለም? እንግዲህ ከሥሩ እንጀምር።

ንግግሬ ሦስት ክፍል አለው። ፋይሉ የት ይኖራል? ለምን ታጣ? እንዴት ይመለሳል? መካከለኛው ይረዝማል፤ ከወዲሁ ታገሡኝ።

አንደኛ፤ ፋይሉ የት ይኖራል?

ምሳሌዬን ፒሲማንኤፍኤም የሚባለውን ፋይል ማኔጀር አደርጋለሁ። ለምን እርሱን መረጥህ ብትሉኝ፣ በየትምህርት ቤታችን ያሉት ማሽኖች ወጣቶች ስላልሆኑ ነው። ራማቸው ትንሽ፣ ፕሮሰሰራቸው የደከመ ነው። እንዲህ ላለ ማሽን የሚስማማው ኤልኤክስዲኢ የሚባለው ቀላል ዴስክቶፕ ነው። ታይዋናዊው ሆንግ ጄን ዪ እ.ኤ.አ. በ2006 ጀመረው። «ፒሲማን» የእርሱ ቅጽል ስም ነው፤ ፋይል ማኔጀሩም ስሙን ያገኘው ከዚያ ነው። የራስቤሪ ፓይ ዴስክቶፕም ከዚሁ ቤተሰብ ስለወጣ፣ ዛሬ የምነግራችሁ እዚያም ይሠራል።

ፒሲማንኤፍኤም ሁለት ሥራ ደርቦ ይሠራል። ፋይሎችን በመስኮት ያሳያል፤ የዴስክቶፑን ምስልና ምልክቶችም የሚስለው እርሱ ነው። ስለዚህ ቅንብሩ ሲጎድል ተጠቃሚው «የቅንብር ፋይል ጎደለኝ» ብሎ አይመጣም። ማን እንዲህ ብሎ ያውቃል? «ዴስክቶፔ ተወሰደ» ብሎ ነው የሚመጣው። «ትናንት ያስቀመጥኩት ምስል የለም፤ ፋይሎቼ በዝርዝር ይታዩ ነበር፣ ዛሬ በትልልቅ ምልክት ሆኑ» ይላችኋል። ይህን ስትሰሙ ወደ ዲስኩ አትሂዱ፤ ወደ ቅንብሩ ሂዱ።

አድራሻውን ጻፉ። የየራሳችሁ ፋይል ከሚቀመጥበት ከሆም ፎልደራችሁ ተነሡ። እዚያ ውስጥ «ኮንፊግ» የሚባል፣ ከስሙ ፊት ነጥብ ያለበት ፎልደር አለ። በውስጡ «ፒሲማንኤፍኤም» የሚባል ፎልደር፣ በእርሱ ውስጥ የፕሮፋይሉን፣ ማለትም ፕሮግራሙ የተነሣበትን የቅንብር ስብስብ፣ ስም የያዘ ፎልደር፣ ለምሳሌ «ዲፎልት»። ፋይሉ ያለው እዚያ ነው፤ ስሙ «ፒሲማንኤፍኤም ነጥብ ኮንፍ»። የዴስክቶፑ ምስል ደግሞ እዚያው አጠገቡ «ዴስክቶፕ ሰረዝ አይተምስ ሰረዝ ዜሮ ነጥብ ኮንፍ» በሚባል በሌላ ፋይል ይቀመጣል። ዜሮው የመጀመሪያው ስክሪን ማለት ነው።

ከፊት ያለችው ነጥብ ነገር አላት። በሊኑክስ ስሙ በነጥብ የሚጀምር ሁሉ ከዓይን ይሰወራል። ትእዛዝ በምንጽፍበት መስኮት፣ በተርሚናል፣ የፋይል መዘርዘሪያውን ትእዛዝ ኤልኤስ ብትጽፉ አታዩትም፤ ሰረዝ ኤ መጨመር አለባችሁ። በፋይል ማኔጀር ከሆነ ኮንትሮልና ኤችን አንድ ላይ መጫን ነው። ይህ ነገር ከየት እንደመጣ ታውቃላችሁ? የሊኑክስ ቀዳሚ ከሆነው ከዩኒክስ ባለሙያዎች አንዱ የሆነው ሮብ ፓይክ እንደተረከው፣ የታሰበበት ነገር አልነበረም። እያንዳንዱ ፎልደር ውስጥ ራሱን የሚያመለክት ነጥብ፣ በላይ ያለውን ፎልደር የሚያመለክት ሁለት ነጥብ አለ። እነዚህ ሁለቱ በዝርዝር ውስጥ እየታዩ እንዳያስቸግሩ ተብሎ፣ ኤልኤስ የስሙ የመጀመሪያ ምልክት ነጥብ ከሆነ እንዲዘለው ተጻፈ። ሁለቱን ብቻ ሊዘል የታሰበው ትእዛዝ በነጥብ የሚጀምረውን ሁሉ ዘለለ። ከዚያ በኋላ የመጡ ፕሮግራመሮች ቅንብራቸውን እዚያ መደበቅ ተመቻቸው፤ ይኸው እስከ ዛሬ እኛ እየፈለግን እንኖራለን። በአንድ መስመር አቋራጭ ስንት ሰው ፋይሉን አጣ!

አሁን ወደ ቅደም ተከተሉ። ፍሪዴስክቶፕ የሚባለው የሊኑክስ ዴስክቶፖች መስማሚያ ያወጣው አንድ ደንብ አለ፤ ኤክስዲጂ ቤዝ ዳይሬክተሪ ይባላል። ደንቡ እንዲህ ይላል፦ ፕሮግራም ቅንብሩን በመጀመሪያ በተጠቃሚው ነጥብ ኮንፊግ ውስጥ ይፈልጋል። እዚያ ካጣ፣ ለሁሉም ተጠቃሚ የተቀመጠውን ኢቲሲ በሚባለው ፎልደር ሥር፣ ኤክስዲጂ ውስጥ ይፈልጋል። እዚያም ካጣ? ፕሮግራመሩ በፕሮግራሙ ሆድ ውስጥ የጻፈውን ይወስዳል።

ይህንን ሦስተኛውን ልብ በሉልኝ። ቡና ቤት ገብታችሁ «ቡና» ብቻ ካላችሁ አስተናጋጁ ስኳር ያለበትን ይዞ ይመጣል። ምንም አይጽፍም፣ ምንም አይጠይቅም። «ያለ ስኳር» ያለ ሰው ሲኖር ነው ለይቶ የሚይዘው። ኬዲኢ የሚባለው ዴስክቶፕ ፋይል ማኔጀር ዶልፊን ልክ እንዲህ ነው። «ዶልፊንአርሲ» የተባለው ፋይሉ የሚይዘው ከተለመደው የለያችሁትን ብቻ ነው። ስለዚህ ባዶ ሊሆን ትንሽ የቀረው ዶልፊንአርሲ ስታዩ «ተበላሽቷል» አትበሉ። ባለቤቱ ምንም አልቀየረም ማለት ነው።

የሌሎቹን ቶሎ ቶሎ ልበል። ሬንጀር የሚባለው የተርሚናል ፋይል ማኔጀር የቅንብር ፋይሉን ጨርሶ በራሱ አይፈጥርም። «አርሲ ነጥብ ኮንፍ የለም» ብለው ስንቶች ሲጨነቁ አይቻለሁ! የለም፤ አልነበረምም። «ሬንጀር» ብላችሁ፣ ሁለት ሰረዝ፣ «ኮፒ ሰረዝ ኮንፊግ እኩል ይሆናል ኦል» ስትሉት ቅጂውን ያወጣላችኋል። ሚድናይት ኮማንደር ደግሞ «አይኤንአይ» የሚባለውን ፋይሉን ነጥብ ኮንፊግ ውስጥ፣ ኤምሲ በሚባል ፎልደር ያስቀምጣል። ኤክስኤፍሲኢ የሚባለው ዴስክቶፕ ፋይል ማኔጀር ቱናር ቀድሞ «ቱናርአርሲ» ነበረው፤ ኋላ ግን ቅንብሩን ወደ ዴስክቶፑ የጋራ ማከማቻ፣ ወደ ኤክስኤፍኮንፍ አዛወረ። የጂኖም ዴስክቶፕ ፋይል ማኔጀር ኖቲለስ ላይ ከሆናችሁ የጽሑፍ ፋይል አትፈልጉ። ቅንብሩ ያለው ዲኮንፍ በሚባል፣ በኤዲተር በማይነበብ ማከማቻ ውስጥ ነው፤ የምታዩትና የምትቀይሩት ጂሴቲንግስ በሚባለው ትእዛዝ ነው። ስለ ኖቲለስ የተጻፈ የድሮ መመሪያ ይዞ ፋይል የሚፈልግ ሰው ዓመት ሙሉ ይፈልጋል።

ሁለተኛ፤ ለምን ታጣ?

እዚህ ላይ ነው የምዘገየው።

የመጀመሪያው ምክንያት ፕሮፋይል ነው። ፒሲማንኤፍኤም በየትኛው ፕሮፋይል እንደተነሣ ፎልደሩ ይለያያል። በተራ መንገድ ከከፈታችሁት ዲፎልት ነው። በኤልኤክስዲኢ ውስጥ ዴስክቶፑን ይዞ ሲነሣ ኤልኤክስዲኢ በሚል ስም ነው፤ በትልልቅ የላቲን ፊደል። በራስቤሪ ፓይ ብዙ ጊዜ ኤልኤክስዲኢ ሰረዝ ፒአይ ነው። በድሮው ሉቡንቱ ደግሞ ሉቡንቱ ነው። መመሪያ የጻፈላችሁ ሰው ዲፎልት ብሎ ከሆነና የእናንተ ማሽን ሉቡንቱ ከሆነ፣ ፋይሉ በአንድ ፎልደር ርቀት ላይ ተቀምጦ «የለም» ትላላችሁ። ፊደል ሲባልም፣ በሊኑክስ ትልቁና ትንሹ የላቲን ፊደል የተለያዩ ናቸው። በትንሽ የተጻፈና በትልቅ የተጻፈ አንድ ስም ሁለት ፋይል ነው።

ሉቡንቱን ካነሣሁ አይቀር፣ እዚህ ብዙዎቻችሁን የነካ ነገር አለ። ሉቡንቱ እ.ኤ.አ. በ2018፣ በ18.10 እትሙ፣ ኤልኤክስዲኢን ትቶ ወደ ኤልኤክስኪውቲ ተሻገረ። ፋይል ማኔጀሩም ፒሲማንኤፍኤም ሰረዝ ኪውቲ ሆነ። ስሙ ይመሳሰላል፣ መልኩ ይመሳሰላል፤ ፋይሉ ግን ሌላ ነው። አሁን ነጥብ ኮንፊግ ውስጥ፣ ፒሲማንኤፍኤም ሰረዝ ኪውቲ፣ ከዚያ ኤልኤክስኪውቲ፣ ከዚያ «ሴቲንግስ ነጥብ ኮንፍ» ነው። የድሮው ፋይል እዚያው የድሮ ቦታው ላይ ሊቀር ይችላል፤ የሚያነበው ግን የለም። ያን የሞተ ፋይል ከፍቶ እየጻፈ «አይሰማኝም» የሚል ሰው አጋጥሟችሁ አያውቅም? እኔን በየጊዜው ያጋጥመኛል።

ሁለተኛው ምክንያት፣ የተሳሳተ ፋይል መፈለግ ነው። ፒሲማንኤፍኤም ላይ ኤፍ 4 ስትጫኑ ያላችሁበትን ፎልደር በተርሚናል ይከፍታል። አንዳንዴ ግን «ተርሚናል አልተመረጠም» የሚል መልእክት ያወጣል። ሰው ሁሉ ሮጦ ፒሲማንኤፍኤም ነጥብ ኮንፍን ይከፍታል። እዚያ የለም! ፒሲማንኤፍኤም ሊብኤፍኤም በሚባል ላይብረሪ ላይ የተሠራ ነው፤ የተርሚናሉ ምርጫ፣ በአንድ ጠቅታ ይከፈት ወይስ በሁለት የሚለው፣ እንዲህ ያለው ሁሉ የሚቀመጠው «ሊብኤፍኤም ነጥብ ኮንፍ» ውስጥ ነው። ፎልደሩም የራሱ ነው፤ ነጥብ ኮንፊግ፣ ሊብኤፍኤም። ሁለት ፋይል ነው፣ ሁለት ፋይል! አንዱ የመስኮቱን፣ ሌላው የሥራውን ጠባይ ይይዛል።

ሦስተኛው፣ ባለቤትነት። እዚህ ላይ አንድ ታሪክ ልንገራችሁ።

አንድ ትምህርት ቤት ሄጄ ነበር። ዕድሜያቸው የገፋ የፊዚክስ መምህር ናቸው፤ ኮምፒውተር ክፍሉን ደርበው ይይዛሉ። «ልጄ፣ ይህ ማሽን ተጠናውቶታል» አሉኝ። «ምስሉን እቀይራለሁ፣ ይቀየርልኛል። አጥፍቼ ስከፍተው ወደ ድሮው ይመለሳል። ቅንብሩ ፋይል አለው ብለውኝ ፈለግሁ፤ እሱም የለም።»

«መምህር፣ ይህን ማሽን ሌላ ሰው ነክቶት ያውቃል?» አልኳቸው።

«ማን ይነካዋል? አንድ ልጅ መጥቶ ፕሪንተር አስገብቶልኝ ሄዷል፣ ከዚያ ወዲህ እኔው ነኝ።»

ተርሚናል ከፈትኩና ኤልኤስ፣ ሰረዝ ኤልዲ፣ ከዚያ የፎልደሩን አድራሻ ጻፍኩ። ይህ ትእዛዝ አንድ መስመር ነው የሚያወጣው። ከግራ በኩል የፈቃድ ፊደላት ይመጣሉ፣ ከዚያ አንድ ቁጥር፣ ከዚያ የባለቤቱ ስም፣ ከዚያ የቡድኑ ስም። በባለቤቱ ቦታ የመምህሩ የመግቢያ ስም መሆን ነበረበት። ያለው ግን የማሽኑ የበላይ አስተዳዳሪ፣ «ሩት» ነው፤ በቡድኑም ቦታ «ሩት»። የፈቃዱ ፊደላት ደግሞ ለባለቤቱ ብቻ ተከፍተው ለሌላው ሁሉ ሰረዝ ሰረዝ ሰረዝ። ያ ፕሪንተር ያስገባ ልጅ ለአንድ ጉዳይ ሱዱ ፒሲማንኤፍኤም ብሎ ከፍቶ ነበር። ፕሮግራሙ በሩት ሥልጣን ተነሣ፣ በመምህሩ ሆም ውስጥ ፎልደሩን ፈጠረና የራሱ አደረገው። ኡቡንቱ ከ19.10 እትሙ በፊት ሱዱ የተጠቃሚውን ሆም እንደያዘ ስለሚሠራ ይህ ነገር በብዛት ይደርስ ነበር። መምህሩ በገዛ ሆማቸው ውስጥ ያለውን ፎልደር መክፈት አይችሉም፤ ፋይል ማኔጀራቸውም አይችልም። ለመጻፍ ይሞክራል፣ ይከለከላል፣ ዝም ይላል። የዚህ ዓይነት ፕሮግራም ዝምታ ነው ሰው የሚያሳብደው።

መድኃኒቱ አንድ መስመር ነው፦ ሱዱ ቾውን፣ ሰረዝ ትልቁ አር፣ የተጠቃሚው ስም፣ ኮለን የሚባለው ሁለት ነጥብ፣ የቡድኑ ስም፣ የፎልደሩ አድራሻ። በመስኮት የሚሠራ ፕሮግራም በሱዱ አትክፈቱ። ይህን ደግሜ እላለሁ፦ በመስኮት የሚሠራ ፕሮግራም በሱዱ አትክፈቱ።

አራተኛው የኮከቢቱ ነገር ነው። ከአሮጌ ማሽን ወደ አዲስ ማሽን የሚያዛውር ሰው ሲፒ፣ ሰረዝ አር፣ ኮከብ ብሎ ይገለብጣል። «ሁሉንም ገልብጫለሁ» ይላል። አልገለበጠም! ኮከብ በነጥብ የሚጀምሩትን ስሞች አትጨምርም። የአንዲት ባልደረባዬ ክፍል ውስጥ ይህ ሆኖ፣ ሰነዱ ሁሉ በሰላም ተሻግሮ፣ የአሳሹ ዕልባቶች፣ የኢሜይሉ ቅንብር፣ የፋይል ማኔጀሩ ምርጫ፣ ነጥብ ያለበት ሁሉ አሮጌው ዲስክ ላይ ቀረ። ደግነቱ አሮጌው ዲስክ ገና አልተጠረገም ነበር። ፎርማት ወዳጆች፣ ሰማችሁ?

አምስተኛው የፍላሽ መንገደኛ ነው። ፋይሉን ዊንዶውስ ላይ በኖትፓድ ጽፎ በፍላሽ የሚያመጣ አለ። ኖትፓድ ከመጨረሻው «ነጥብ ቲኤክስቲ» ይጨምርበታል፤ ዊንዶውስ ደግሞ ቅጥያውን ስለሚደብቅ አታዩትም። ሊኑክስ ላይ ስሙ ፒሲማንኤፍኤም ነጥብ ኮንፍ ነጥብ ቲኤክስቲ ሆኖ ቁጭ ይላል። ፕሮግራሙ የሚፈልገው ስም አይደለም፤ አያየውም።

የመጨረሻው ብርቅ ነው፤ ግን አደገኛ ስለሆነ ልዘለው አልችልም። ኤክስዲጂ ኮንፊግ ሆም የሚባል የአካባቢ ተለዋዋጭ፣ ማለትም ፕሮግራሞች ሲነሡ የሚያነቡት ቅንብር፣ አለ፤ ነጥብ ኮንፊግን ወደ ሌላ ቦታ ለማዛወር ያገለግላል። አንዳንድ ሰው እርሱን ሲጽፍ ሆምን የምትወክለውን ሞገድ ምልክት በጥቅስ ውስጥ ያስገባታል። በጥቅስ ውስጥ ስትገባ ሆም መሆኗ ይቀራል፤ ተራ ምልክት ትሆናለች። አንዳንድ ፕሮግራም ታዲያ ስሙ ሞገድ ምልክት የሆነ እውነተኛ ፎልደር ይፈጥርና ቅንብሩን እዚያ ይጽፋል። ፋይላችሁ ተገኘ! አሁን ያን ቅጥ ያጣ ፎልደር ልሰርዝ ብላችሁ አርኤም፣ ሰረዝ አር፣ ሞገድ ምልክት ብትሉ፣ ምን ትሰርዛላችሁ? አዎ፣ ሆማችሁን በሙሉ። ከምልክቷ ፊት ነጥብና ስላሽ አድርጉ፣ ወይም በፋይል ማኔጀሩ በመስኮት ሰርዙት። እባካችሁ።

እንግዲህ ይህን ሁሉ በግምት አንለይም አይደል? ፕሮግራሙን ራሱን እንጠይቀዋለን። መጠየቂያው ኤስትሬስ ይባላል። ፕሮግራሙ ከሊኑክስ እምብርት፣ ከከርነሉ፣ ጋር የሚነጋገረውን ቃል በቃል ይመዘግባል። በመጀመሪያ የሚሠራውን ፒሲማንኤፍኤም ዝጉ። ይህ ግድ ነው፤ ካልዘጋችሁት አዲሱ ጥያቄውን ለነባሩ አስረክቦ ወዲያው ይወጣል፣ መዝገባችሁም ባዶ ይሆናል። ከዚያ ኤስትሬስ፣ ሰረዝ ኤፍ፣ ሰረዝ ኢ፣ ትሬስ እኩል ይሆናል ኦፕንኤት፣ ሰረዝ ኦ እና የመዝገቡ ፋይል ስም፣ በመጨረሻ ፒሲማንኤፍኤም። ፕሮግራሙ ከተነሣ በኋላ ዝጉትና መዝገቡን በግሬፕ «ኮንፍ» የሚል ቃል ፈልጉበት።

መስመሮቹን ተመልከቱ፤ ስክሪኑ ላይ አንዱን አድርጌዋለሁ። «ኦፕንኤት» ይላል፣ በጥቅስ ውስጥ ሙሉ አድራሻ ይመጣል፣ ከመጨረሻው እኩል ይሆናል ይልና ቁጥር ይሰጣል። ቁጥሩ ሦስት፣ አራት፣ ዐሥር ከሆነ ፋይሉ ተከፍቷል። ነጋቲቭ አንድ ከሆነ አልተከፈተም፤ ምክንያቱም እዚያው አጠገቡ ተጽፏል። ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት አንዱ ነው። «ኢኖኤንት» ካለ በዚያ አድራሻ ፋይል የለም ማለት ነው። «ኢአክሴስ» ካለ ግን ፈቃድ ተከልክያለሁ ማለት ነው። በሁለቱ መካከል የሰማይና የምድር ያህል ልዩነት አለ! ለመጀመሪያው አድራሻ ታርማላችሁ ወይም ፋይል ታመጣላችሁ፤ ለሁለተኛው ባለቤትነት ትመልሳላችሁ። ተጠቃሚው ሁለቱንም «የለም» ብሎ ነው የሚነግራችሁ። ኢኖኤንትን ስታዩም አትደንግጡ፤ ፕሮግራም በየቦታው እየፈለገ ስለሚሄድ ጤነኛ ማሽን ላይ እንኳ ኢኖኤንት በብዛት ይታያል። የምትፈልጉት የእናንተን ፋይል ስም የያዘውን መስመር ብቻ ነው፤ አድራሻው እናንተ ካሰባችሁት የተለየ ከሆነ መልሱን አገኛችሁ።

ሦስተኛ፤ እንዴት ይመለሳል?

ይህ አጭር ነው። በቅድሚያ ፕሮግራሙ ራሱ እንዲጽፈው አድርጉ። ምርጫዎች የሚለውን ክፈቱ፣ አንድ ነገር ቀይሩ፣ ዝጉ፣ ፋይሉ መኖሩን እዩ። ፎልደሩ የእናንተ ከሆነና ዲስኩ ካልሞላ ይጽፈዋል። ዲስክ ካልሞላ ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም፤ የሞላ ዲስክ ላይ ፋይሉ ባዶ ሆኖ ወይም ሳይጻፍ ሊቀር ስለሚችል፣ ዲኤፍ ሰረዝ ኤች ብላችሁ አረጋግጡ።

ካልሆነ ከኢቲሲ ሥር፣ ኤክስዲጂ ውስጥ ካለው ቅጂ አምጡ። ይህን ስታደርጉ ፋይል ማኔጀሩ ዝግ ይሁን፤ ክፍት ከሆነ ሲዘጋ በአእምሮው የያዘውን ይጽፍበትና ድካማችሁን ያጠፋዋል።

የኢቲሲው ቅጂም ከታጣስ? አሁን ጥሩ ጥያቄ ላይ ደረስን። ሰው ሁሉ ፒሲማንኤፍኤምን ነቅሎ ይተክላል፤ ፋይሉ ግን አይመለስም። ለምን? በደቢያንና በኡቡንቱ፣ ኢቲሲ ውስጥ ያለን የቅንብር ፋይል ከሰረዛችሁ ፓኬጆችን የሚጭነው ዲፒኬጂ «አስተዳዳሪው አስቦበት ነው የሰረዘው» ብሎ ውሳኔያችሁን ያከብራል። ደግማችሁ ብትጭኑትም ያከብራል! አክብሮቱ ያስመሰግነዋል፣ ለእኛ ግን መከራ ነው። መፍትሔው ፓኬጁን በአፕት ዳውንሎድ ማውረድና ዲፒኬጂ፣ ሰረዝ አይ፣ ከዚያ ሁለት ሰረዝ «ፎርስ ሰረዝ ኮንፍሚስ» ብሎ መጫን ነው። ያን ጊዜ የጎደለውን ይመልሳል። የትኛው ፓኬጅ እንደሆነ ደግሞ አትገምቱ፤ ዲፒኬጂ፣ ሰረዝ ትልቁ ኤስ፣ ከዚያ የፋይሉን ሙሉ አድራሻ ስጡት። ፋይሉ ባይኖር እንኳ የማን እንደነበረ ይነግራችኋል። የሊብኤፍኤሙ ፋይል የመጣው ከፒሲማንኤፍኤም ፓኬጅ አለመሆኑን የምታዩት ያኔ ነው።

አንድ ዘዴ ልጨምር። ችግሩ የተጠቃሚው ነው ወይስ የፕሮግራሙ ብላችሁ ከተጠራጠራችሁ፣ ኤክስዲጂ ኮንፊግ ሆምን ለአንድ ጊዜ ወደ አንድ ባዶ ፎልደር አዙራችሁ ፕሮግራሙን ከተርሚናል አስነሡት። በባዶው ቦታ ደህና ከሠራና ፋይሉን ከጻፈ ፕሮግራሙ ጤነኛ ነው፤ ነገሩ ያለው በተጠቃሚው ነጥብ ኮንፊግ ውስጥ ነው። የሰውየውን አንድም ፋይል ሳትነኩ አወቃችሁ።

ቅጂ ስትይዙም ነጥብ ኮንፊግን በታር አንድ ላይ ጠቅልሉትና ከዚያ ወደ ፍላሽ አሻግሩት። አብዛኛው ፍላሻችን በፋት 32 የተዘጋጀ ስለሆነ የባለቤትነትና የፈቃድ መረጃ መያዝ አይችልም። በታር ከተጠቀለለ ግን መረጃው በጥቅሉ ውስጥ ተጠብቆ ይሻገራል።

አንድ እጅ አያለሁ፤ አቤት እኅቴ? «የልጆቹ ማሽኖች ሁሉ አንድ ዓይነት ቅንብር እንዲኖራቸው ብፈልግስ?» ትላለች። በጣም ጥሩ። የእያንዳንዱን ተማሪ ሆም አትንኪ። ለሁሉም የሚሆነውን ኢቲሲ ሥር ባለው ኤክስዲጂ ውስጥ፣ በትክክለኛው የፕሮፋይል ስም አስቀምጪ፤ የራሱ ፋይል የሌለው ተማሪ ሁሉ ያንን ያገኛል። ለወደፊት የሚፈጠሩ ተጠቃሚዎች የራሳቸው ቅጂ ይኑራቸው ካልሽ ደግሞ ኢቲሲ ሥር ስኬል የሚባል ፎልደር አለ፤ እዚያ ያስቀመጥሽው አዲስ ተጠቃሚ ሲፈጠር ወደ ሆሙ ይገለበጣል። ቀድሞ የተፈጠሩትን ግን አይነካም፤ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል።

በሉ፣ ወደ ጠረጴዛዎቹ እንሂድ። በግራ በኩል ያሉት ማሽኖች ላይ ከነገርኳችሁ ምክንያቶች አንዳንዱን ሆን ብዬ አስገብቻለሁ፤ የትኛው የት እንዳለ አልናገርም። ሁለት ሁለት ሆናችሁ ተቀመጡ፣ ኤስትሬስ በሁሉም ላይ ተጭኗል። ፎርማት ያደረገ ቡድን ለአዳራሹ ሁሉ ምሳ ይጋብዛል።